ሳይደርቅ የተመረጠ አረንጓዴ

ደረጃው ላይ ተገናኙ። እሱ በአንድ እጁ የቀለም ባልዲ፣ በሌላው የመቀቢያ ሩሎውን ይዞ ይወጣል፤ እሷ የታጠበ መጋረጃ ታቅፋ ትወርዳለች። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው የሚያሳልፈው አንዱ ጀርባውን ለግድግዳው ከሰጠ ብቻ ነው። ጀርባውን የሰጠው እሱ ነበር። እሷ ዐይኗን አላነሳችም። ያም ሆኖ የሸሚዙ እጅጌ ላይ ደርቃ የቀረችውን የቀለም ጠብታ አየቻት፤ ብትፍቃት ደስ ባላት።

«ጸጥታ» አላት ቀስ ብሎ።

ይህን ስም ያወጣላት እሱ ነው። በምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት፣ ከጠረጴዛዋ በላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ዓምና ግድግዳውን ሊቀባ መጥቶ ሰሌዳውን ሲያወርድ «ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ያንቺ ስም?» ብሎ ጠየቃት። እሷ መልስ ስትፈልግ እሱ ግማሹን ግድግዳ ጨርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእሱ ጸጥታ ናት፤ እሱም ለእሷ፣ በሆዷ ብቻ የምትጠራው ብዙ ነገር ነው።

«እናትሽ አጠገብሽ አይጠፉም፤ ባጭሩ ልንገርሽ» አላት። «ዛሬ እዚህ ቤት የመጨረሻ ቀኔ ነው። ትልቁ ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለት አረንጓዴ ታያለሽ። አንዱ የእጮኛሽ የሐኪሙ እናት የላኩት ነው። አንዱን እኔ ነኝ የበጠበጥኩት፤ ያ ለራሳችን ክፍል ያልነው። ነጣ ያለው የኔ ነው። እሱን ከመረጥሽ እጄን ታጥቤ አባትሽ ፊት እቀርባለሁ፤ ያሻቸውን ይበሉኝ። ሌላውን ከመረጥሽ ክፍልሽን ቀብቼ እሄዳለሁ። ሁለተኛ ዐይኔን አታዪውም።»

«እኔ እኮ…»

«አፍሽ እንደማይፈታ አውቃለሁ።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻላት ነበር። «ካንቺ የምፈልገው አንድ ጣት ብቻ ነው።»

«ማን ነው እዚያ የሚያንሾካሽከው?» አሉ እናቷ ከታች።

«ቀለሙ መጋረጃውን እንዳይነካው እያልኳት ነው፣ እትዬ!» አለና ሽቅብ ወጣ። እሷ ደረጃው መሐል ቆማ ቀረች። ያቀፈችው መጋረጃ ከበዳት።

እዚህ ቤት እንዲሠራ ያስጠራችው ራሷ ናት። የሐኪሙ ወላጆች ለልጃቸው ሲጠይቋት፣ ዕድሜ ልካቸውን በዳኝነት ያሳለፉት አባቷ ሳሎን አስቀምጠው «ምን ትያለሽ ልጄ?» አሏት። ዝም አለች። እሷ ዝም ያለችው የምትለው ነገር በዝቶ ጉሮሮዋ ላይ ስለተጨናነቀ ነው። አባቷ ግን ጥቂት ጠበቁና ራሳቸውን ነቅንቀው «ዝምታ እሺታ ነው» ብለው ፈረዱ። እናቷ የደስታ ዕንባ እያነቡ ተነሡ። በማግስቱ የላይኛው ፎቅ ለሙሽሮቹ ይቀባ ተባለ። ያኔ ነው ልጅቷ፣ የቸገረው ሰው የሚያስበውን ሐሳብ ያሰበችው። የምትሠራበትን ቤተ መጻሕፍት የቀባ ጎበዝ ሠራተኛ አለ፣ እሱ ይምጣ አለች። መጀመሪያ ሰውየውን ይውደዱት፣ ነገሩ ቀስ ብሎ ይነገራል ብላ።

የወደዱትስ ወደዱት። ችግሩ የመጀመሪያው ቀን ነው። የሐኪሙ እናት ሻይ እየጠጡ፣ እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ኮርኒሱን ሲጠርግ ልጅቷን አያትና ፈገግ አለላት። ሴትዮዋ ነቄ ናቸው። «እንዴ፣ ትተዋወቃላችሁ?» አሉ። እሷ ሲኒዋን እያየች «አይ… ቀለም ቀቢው ነው» አለች። መጥረጊያው ኮርኒሱ ላይ ቆመ። ከዚያ እንደገና መጥረግ ጀመረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኳን አያነሳም፤ ፊት ለፊት ሲገናኙም እንደ ቤቱ ሴት ልጅ በአክብሮት ነው የሚያሳልፋት። ያ አክብሮት ነው አንጀቷን የቆረጠው።

እናቷ ብዙም ሳይቆዩ ከላይ ተጣሩ። «ነይ እስቲ የኔ ጭምት፣ ነይና ምረጪ!»

ትልቁ ክፍል ባዶ ነው። ወለሉ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ተነጥፏል። እሱ ብሩሾቹን ሊያጥብ ጓሮ ወርዷል። በበሩና በመስኮቱ መሐል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ጀሶው በደንብ ተፍቆ፣ ሁለት አራት ማዕዘን አረንጓዴዎች ጎን ለጎን ተቀብተዋል። አንዱ በበሩ በኩል፣ አንዱ በመስኮቱ በኩል።

«ሁለቱም ያው አይደሉም እንዴ?» አሉ እናቷ መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው። «ዐይኔ ነው ወይስ ሰውየው ይቀልዳል? የትኛው ያማትሽ እንደሆነ እንኳ አልለየሁትም። ደግሞ ባውቀውም አልነግርሽም፤ አንቺው ነሽ የምትኖሪበት።»

ልጅቷ ቀረብ አለች። እውነትም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ውሃማ፣ ዐይን የማይወጉ አረንጓዴዎች ናቸው። የበሩ በኩሉ ረጋ ያለ ነው፤ የሰላጣ ውስጠኛው ቅጠል ይመስላል። የመስኮቱ በኩሉ ያብረቀርቃል። ይበልጥ ነጣ ይላል፤ ገና የተፈለፈለ የአተር እሸት ቆዳ። እንዳትሳሳት ብላ ዐይኗን ጨፍና ገለጠች። አሁንም የመስኮቱ በኩሉ ነው ነጣ ያለው። ራቅ ብላ አየች፣ ቀረብ ብላ አየች። እሱ ነው። ጣቷን አነሣች።

«ይሄ» አለች።

በዕድሜዋ ለራሷ ብላ የመረጠችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ይሁን አይሁን አላወቀችም።

እናቷ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «አንተ ልጅ! በመስኮቱ በኩል ያለውን መርጣለች! ሰምተሃል?»

እሱ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሏል። ቀና አለ። ከእናቷ ትከሻ ኋላ ቆማ አየችው፤ እሱም አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ «ሰምቻለሁ፣ እትዬ» አለና አንገቱን ወደ መሬት ደፋ። እሺ አለኝ አለች በልቧ። መጣሁልሽ፣ እጄን እየታጠብኩ ነው አለኝ። ቧንቧው ክፍት ነው፤ ውሃው በባዶው ይፈሳል፤ እሱ ግን እጁን ከሥሩ አላስገባም። ይህን አላስተዋለችም። ደስታ ዐይን ይጋርዳል።

ወርዳ ልብሷን ቀየረች። ሳሎን ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አባቷ የሚያማቸውን እግር በርጩማ ላይ ዘርግተው ጋዜጣ ያነባሉ። ቅንድባቸውን፣ የከንፈራቸውን ጥግ አየች። ይህ ሰላማቸው ከአሁን አሁን ሊደፈርስ ነው ብላ አዘነችላቸው። ደረጃው ላይ ኮሽ ባለ ቁጥር ልቧ ይዘላል። ይመጣል። መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ባርኔጣውን ያወልቃል…

የመጡት ግን የሐኪሙ እናት ናቸው። ምሳ ቀረበ። «ሙሽራዬ ዛሬ ምን አግኝታ ነው?» አሉ ሴትዮዋ። «ፊቷ በራ እኮ! ልጄ ደወለልሽ አይደል? አታፍሪ፣ ይታወቅብሻል።»

«እሷ እቴ፣ ብትሞት አትናገርም» አሉ እናቷ። «እንደው ያ ቀለም ቀቢ ምን ያለ ትጉህ ነው! ምሳ ብላ ብለው እምቢ አለ። ዛሬውኑ ካልጨረስኩ፣ ለነገ አላሳድርም ብሎ ሦስት ሰው የሚሠራውን ብቻውን እያጣደፈው ነው።»

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ገባት። ሥራውን ጨርሶ፣ ከዚህ ቤት ተቀጣሪነቱ ወጥቶ፣ እንደ ማንም ሰው በፊት በር ሊገባ ነው። እንዴት ያለ ኩራት ነው! እንዲህ ካልሆነማ መች ትወደው ነበር? እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላው እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። የሐኪሙ እናት ስለ ወንበር ልብስ አወሩ፣ አባቷ አንቀላፉ፣ ነቁ። በመጨረሻ ከደረጃው ላይ የእርምጃ ድምፅ መጣ። የእሱ ነው፤ ታውቀዋለች። ብድግ አለች።

እሱ የተጠቀለለ ሸራ ትከሻው ላይ አድርጎ በሳሎኑ በር በኩል አለፈ። እጁ እስከ ክርኑ ቀለም ነው። ዞር ብሎ አላየም። ወደ ውጭ ወጣ፤ ከበሩ የቆመ መኪና ላይ ሸራውን ሲጥል ተሰማ።

«መጋረጃውን ልለካ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

ክፍሉ በቀለም ሽታ ታፍኗል። ሦስቱ ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች ተቀብተው አልቀዋል። አራተኛው፣ ሁለቱ ናሙናዎች ያሉበት፣ ገና ነው። መጀመሪያ ያየችው ነገር ምን እንደሆነ አልገባትም፤ አንድ ነገር እንደተገለባበጠ ብቻ ተሰማት። ከዚያ አየችው። በመስኮቱ በኩል ያለው አረንጓዴ አያብረቀርቅም። ደርቋል፤ ደርቆም ጠቁሯል። በበሩ በኩል ያለው፣ ያ ረጋ ያለው፣ አሁን ከሁለቱ የነጣው እሱ ነው። ሦስቱ ግድግዳዎችም በጠቆረው ተቀብተዋል።

ጣቷን አየችው። የሌላ ሰው ጣት መሰላት።

እሱ መሰላሉን ሊያንቀሳቅስ ተመልሶ ገባ። ቆማ ሲያገኛት በሩ ላይ ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ እንደሌለች ቆጥሮ በአጠገቧ አለፈ። «አንድ ግድግዳ ነው የቀረኝ» አለ። «ልብስሽን እንዳይነካሽ።»

«ይሄ ያንተ አይደለም።»

«የመረጥሽው ነው።»

«ነጣ ያለውን እኮ ነው የመረጥኩት!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ጠዋት ነጣ ያለው ይሄ ነበር! በመስኮቱ በኩል ያለው ነበር፤ ይሙት አባቴ! አሥር ጊዜ ነው ያየሁት!»

መሰላሉን ለቀቀ። ወደ ግድግዳው ሄዶ መዳፉን የመስኮቱ በኩሉ ናሙና ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ የበሩ በኩሉ ላይ። ጀርባው ነው የሚታያት። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መሰላት። ይስቃል፤ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«እርጥብ ነበር» አለ። «የኔን ትናንት ነው የቀባሁት፣ ደርቆ ነበር። ይሄኛውን የቀለሙ ቆርቆሮ ጠዋት ሲመጣ ቀብቼ ነው የወረድኩት። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል፤ እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ እያልኩ ለሰው ሁሉ ስለፍፍ የምውል ሰው! ላንቺ መንገር ረሳሁ። አንቺን ሳይ… ረሳሁ።»

«እንግዲያው ተሳስተን ነው» አለች። ዕንባዋ እየወረደ ሳቀች። «ምንም አልተፈጠረም። ተሳስተን ነው እኮ!»

እሱም አያት። ለአንድ አፍታ ፊቱ የዓምናው ሆነ። እጁን ወደ ጉንጯ ዘረጋና ቀለሙን አይቶ መለሰው። ያችን አፍታ እዚያው ሰቅላ ብታቆያት ምንኛ በወደደች! ግን የሰው ፊት ግድግዳ አይደለም፤ የተቀባው አይቆይበትም።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ውረጂና ንገሪያቸው።»

«አንተ አይደለህ እንዴ… አባትሽ ፊት እቀርባለሁ አላልክም?»

«ብያለሁ። ጠዋት ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ግድግዳ ቀባሁ፣ ጸጥታ። የሌላ ሰው ሚስት የምትሆኚበትን ክፍል በገዛ እጄ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። ሰው እንዲህ ሲቀባ ብዙ ያስባል። ምን አሰብኩ መሰለሽ? ብትመርጪኝ ኖሮስ አልኩ። ወርጄ ብነግራቸው አባትሽ እኔን አይደለም የሚያዩት፤ ወዳንቺ ነው የሚዞሩት። ‹እውነት ነው ልጄ?› ይሉሻል። ያኔ ምን ትያለሽ?»

አፏን ከፈተች። ሳሎኑ ታያት፤ በርጩማው፣ የአባቷ ቅንድብ፣ የእናቷ ደስታ።

«ምን ትያለሽ?» አለ እንደገና፤ በልመና ነበር የጠየቃት።

ቃል አልወጣላትም።

«አየሽ» አላት። «ቀለሙ ነው የተሳሳተው ብለን ደስ እንዳይለን።»

«እወድሃለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«እሱንማ የማላውቀው እኔ አይደለሁም። የማያውቁት ታች ያሉት ናቸው።»

«ትንሽ ጊዜ ስጠኝ። ትንሽ ብቻ…»

«ከከተማ ውጭ የሚሠራ ትልቅ ሕንፃ አለ። ላንቺ ብዬ እምቢ ብዬ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ደውዬ እሺ አልኳቸው። መኪናው በር ላይ ነው፤ ይቺን ግድግዳ እስክጨርስ ይጠብቀኛል።» ሩሎውን አነሣ። «ስህተቱ የኔም ነው። ጣት ብቻ ይበቃኛል ማለቴ። አልበቃኝም።»

ሩሎውን ባልዲው ውስጥ ነከረ። ከታች ጀመረ። አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች። በበሩ በኩል ያለው አረንጓዴ፣ የእነሱ ክፍል የሚሆነው፣ ከጠርዙ ጀምሮ መጥፋት ጀመረ። ልጅቷ ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ እጇ አየር ጨበጠ። ሕመም ቢሆን ኖሮ የት ጋ እንዳመማት ታውቀው ነበር። ይሄ ግን መላ አካሏ ነው።

ደረጃው ላይ የሴቶች ወሬና ሳቅ ተሰማ። እናቷና የሐኪሙ እናት እያለከለኩ ገቡ።

«እሰይ! እሰይ!» አሉ የሐኪሙ እናት መሐል ላይ እየተሽከረከሩ። «እኔ የላክሁት ነው እኮ! በዐይኔ አወቅሁት! ልብ ለልብ ተዋውቀናል ማለት ነው፣ ሙሽራዬ። አንተ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ። የልጄ ቤት ሲያልቅም አንተኑ ነው የምጠራው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። እኔ ግን አልኖርም» አለ ሳይዞር። ሩሎው ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ።

«አንቺ!» እናቷ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። «ምን ሆነሽ ነው? ዐይንሽ በርበሬ መስሏል!»

«የቀለሙ ሽታ ነው» አሉ የሐኪሙ እናት። «እኔንም እያቃጠለኝ ነው። አውጪያት፣ ነፋስ ትቀበል።»

ውሸቱን ሌላ ሰው አዘጋጅቶ አቀረበላት። ከእሷ የሚጠበቀው ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትነቀንቅ ኖራለች፤ ያውቅበታል ራሷ። እሱ አልዞረም። ግን ሩሎው ቆሟል። ማጅራቱ ላይ ጥቃቅን አረንጓዴ ነጠብጣቦች አሉ። ትከሻው ከፍ እንዳለ ቀርቷል፤ ትንፋሹን ይዟል። ዱላ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው።

«አይደለም» አለች።

ማንም አልሰማትም። የራሷ ጆሮ እንኳ በግድ ነው የሰማው። የሐኪሙ እናት ስለ መጋረጃው ቀለም ማውራት ጀምረው ነበር።

«ምን አልሽ የኔ ጭምት?» አሉ እናቷ።

እዚህ ላይ ማፈግፈግ ይቻል ነበር። «ምንም» የምትለው ቃል ምላሷ ላይ ሞቃ፣ ተመቻችታ፣ እንደለመደችው ተቀምጣለች። ልጅቷ ያችን ቃል ዋጠቻት። እንደ እሾህ እየቧጠጠቻት ወረደች።

«ሽታው አይደለም!» አለች። ድምፅዋ ባዶው ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ተላተመ። «ይሄን ሰው አውቀዋለሁ! ያን ዕለት ቀለም ቀቢው ነው ብዬ የዋሸሁት ፈርቼ ነው። ከዓምና ጀምሮ አውቀዋለሁ። እወደዋለሁ፣ እማዬ። ሐኪሙን አላገባም። ማንም አላስገደደኝም፤ እሺ ብዬ ግን አላውቅም። ዝም ነው ያልኩት። ዝም ነው ያልኩት እኮ!»

የሐኪሙ እናት ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። እናቷ የሚቀመጡበት አጥተው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ዘፍ አሉ። ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያው ቃል «ቀስ በይ፣ አባትሽ ይሰማሉ» የሚል ነበር።

«ይስሙ!»

ሰምተዋል። በዚያ ቤት ውስጥ ጮኻ አታውቅም። «ማን ነው የጮኸው?» አሉ አባቷ ከታች። መልስ ሲያጡ ወንበሩ ተንቋቋ፤ ከዘራቸው የመጀመሪያውን ደረጃ ሲመታ ተሰማ። ቆመ። ትንፋሻቸውን አሰባስበው እንደገና ሁለተኛውን። ያን የታመመ እግራቸውን እየጎተቱ እየወጡ ነው።

ልጅቷ ወደ በሩ ሄደች። «አባዬ፣ አይውጡ!» አለች። «እኔ እወርዳለሁ።»

ከኋላዋ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ሩሎው ይሆናል። ወይም ሊሄድ ያነሣው መሰላል። አልዞረችም። ብትዞርና ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ብታገኘው፣ እግሯ ከዚያ በኋላ እንደማይታዘዛት ታውቃለች። አባቷ ደረጃው መሐል፣ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው፣ ቀና ብለው ያዩዋታል። ቅንድባቸው እንደፈራችው ተሰብስቧል። የመጀመሪያውን ደረጃ ወረደች። የሚከተላት እርምጃ ይኖር እንደሆነ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፤ የሰማችው የገዛ ልቧን ብቻ ነው። ልትነግራቸው ያሰበችውን ቃል በልቧ ደገመችው። እሱ ኋላዋ ቢኖርም ባይኖርም ቃሉ ያው ነበር። ይህን ስታውቅ ፍርሃቷ አልቀነሰም፤ ኀዘኗም አልቀነሰም። እጇን የደረጃው መደገፊያ ላይ አድርጋ ሁለተኛውን ወረደች።